መጨረሻውን ዋጋ መጀመሪያ የሚናገር ሰው

ጥር 26፣ ሰኞ

ዛሬ አስናቀው ከአዳማ ለመጣች ቸርቻሪ መጋረጃውን ያመጣንበትን ዋጋ ነገራት። የምንሸጥበትን አይደለም፤ ያመጣንበትን። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ጨርቁን ገለባብጣ ቀዳዳ ፈለገች። ቀዳዳ ስታጣ ተጠራጥራ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደች። መርካቶ ውስጥ እውነት እንደዚህ ነው፤ ሰው ጉድለቱን እስኪያገኝ ያገላብጠዋል።

ማታ ምነው አልኩት። "ጠየቀችኝ እኮ" አለኝ። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠየቅ ነው የኖረው።

ደክሞት ነው።

የካቲት 1

የጎረቤታችን የጠሀ ልጅ ሱሀይር መጣች። ጠሀ አንሶላና ብርድ ልብስ ይሸጣል። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥስ እኛ "ይማርህ" እንላለን። ሱሀይር ልጅ ሆና የቤት ሥራዋን የምትሠራው እኛ ባንኮኒ ሥር፣ ጣቃ ላይ ተቀምጣ ነበር። አሁን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዲግሪዋን በአንጎል ላይ እየሠራች ነው። ሰው ሊያደርገው የጀመረውን ነገር እንዴት አድርጎ ራሱን እንደሚያቆም ታጠናለች። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ስለተገናኙ ከሁለቱም ወገን ነጋዴ እየመዘገበች ነው፤ ከጾሙ በፊት አንዴ፣ በጾሙ መሀል አንዴ ልትለካቸው። መርካቶን የመረጠችው፣ አለች፣ እዚህ ያለ ሰው አፉን በመቆጣጠር ስለሚተዳደር ነው።

"ጋሼ፣ ጭንቅላትዎን ለአንድ ሰዓት ያከራዩኛል?" አለችው።

"ባዶ ነው፤ ዕቃ ካለሽ አስገቢበት" አላት።

እኔም ተመዘገብኩ። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጠብቅ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዝም ማለትና ዝም ማሰኘት የበላሁበት ሙያ ነው።

የካቲት 9፣ እሑድ

ገበያው ዝግ ነው። ከጠሀ መጋዘን በላይ ባለችው ክፍል ሱሀይር ሽቦ የበዛበት ቆብ አደረገችልኝ። ጸጉሬን በጄል አጨማለቀችው። ቆቡ ከራስ ቅል ውጪ ሆኖ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ያዳምጣል፤ ኢኢጂ ይሉታል። ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ ክብ ሲመጣ ቁልፍ መጫን ነው። አንዳንዴ አረንጓዴው ወዲያው ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ያኔ እጅን መሰብሰብ ነው። ይኸው ነው። ሦስተኛ ዲግሪ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

እኔ ሰበሰብኩ። አስናቀው አልሰበሰበም። አረንጓዴውንም ቀዩንም ተጫነ። ሱሀይር እንደገና አስረዳችው። እሱም የገባውን አንድ ሳይስት መልሶ አስረዳት። ከዚያ ሁሉንም ተጫነ።

ሲጨርስ "አንዴ አረንጓዴ ካሉኝ በኋላ ቀይ ማለት ደንብ አይደለም" አለ። "የተነገረ ዋጋ አይመለስም።"

ሱሀይር ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ስክሪኑ ላይ ቀረ። እኔ መልሱ ልክ መስሎኛል። አሁንም ልክ ይመስለኛል።

የካቲት 13

ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት፣ "እስከዳር፣ ታምሪያለሽ" አለኝ።

አስናቀው የጎጃም ልጅ ነው። ሽማግሌ ልኮ ያገባኝ ቀን እንኳ ያለኝ "እንግዲህ ይሁን" ብቻ ነው። እንደሚወደኝ የማውቀው ሳነብ ሬዲዮውን ስለሚቀንስ ነው። ለእኔ ይህ በቂ ነበር። በጣም በቂ ነበር።

ደንበኛዋ "እውነቱን ነው" አለች። እኔ ዞሬ ጨርቅ ለካሁ። ሁለቴ ለክቼ ሁለቴም ተሳሳትኩ።

የካቲት 17፣ የሁዳዴ መግቢያ

ተራው ውስጥ ወሬ ገባ። አስናቀው ባመጣበት ዋጋ የሚሸጠው የሆነ ነገር ሰምቶ ነው ተባለ። ኮንቴይነር ሊራገፍ ነው፣ የመጋረጃ ዋጋ ሊወድቅ ነው፣ ቀድሞ ዕቃውን እያወጣ ነው። ደላላው ሚኪ ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ እኔን እንኳ አይደብቁኝ" አለው። አስናቀው ምንም የሚደብቀው ነገር እንደሌለ ነገረው። ሚኪ የሚፈልገው ማረጋገጫ ይኸው ነበር። በአገራችን ይህን ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው አንድ ነገር እንደደበቀ የታወቀ ነው።

ከምሳ በኋላ ፊት ለፊታችን ያሉት ዋጋ ቀነሱ። ሲመሽ ቅናሹ ዱባይ ተራ ደርሶ ነበር።

ልጃችን ምንይሉ ከባሕር ዳር ደወለ። አባባስ? አለኝ። ጾም ነው አልኩት። መልስ ይመስል።

የካቲት 23

ጠዋት በመጀመሪያ የሚመጣን ደንበኛ ባዶ እጁን አንሸኝም። ገበያ ይከፍታል ተብሎ ይቀነስለታል። አስናቀው ዛሬ ሊመሽ ሲል ለመጣ ሰው "መክፈቻዬ ነህ" ብሎ ቀነሰለት። ለሚቀጥለውም። ለሚቀጥለውም።

ለእሱ ቀኑ አልተከፈተም ማለት ነው? ወይስ ሁሉም ሰው የመጀመሪያው ነው? ሁለተኛው ደስ ይላል። ሁለተኛውን መረጥኩ።

የካቲት 30፣ እሑድ

ሁለተኛው ልኬት። እኔ ጾሜም ያው ነኝ። እሱ ብሶበታል።

ሱሀይር አባቷ አስናቀውን ወደ ታች ይዞት እንዲወርድ አደረገች። ከዚያ ጄሉን ከጸጉሬ እየጠረገች፣ ፊት ለፊት እንዳንተያይ ከኋላዬ ቆማ፣ ነገረችኝ። ሐኪም አለመሆኗን ሦስት ጊዜ አስቀደመች። ቆቡ ነገሩ መቼ እንደሆነ እንጂ የት እንደሆነ አጥርቶ አያውቅም አለች። ከተዘጋ ሱቅ ደጅ ቆሞ ጭቅጭቅ እንደመስማት ነው፤ ጩኸቱ የጀመረበትን ቅጽበት ትይዣለሽ፣ ማን እንደጮኸ ግን አታይም። ኤምአርአይ የሚባለው ደግሞ የሱቁን ፎቶ ያነሳል፤ መደርደሪያው ቆሟል፣ ግድግዳው አልሳሳም፣ ዕቃው ቦታው ላይ ነው። የዚያው ማሽን ሌላ ዓይነት አሠራር አለ፤ ደም ወደየት እንደሚበዛ የሚከታተል። እሱስ? አልኳት። "ሻይ የት የት እንደሚላክ አይቶ ድርድሩ የት እንደጦፈ ማወቅ ነው" አለች። ለጥናቷ እሱን ተመኝታ የማሽን ተራ አላገኘችም። ለጋሼ ግን የሚያስፈልገው ፎቶው ነው።

"የሰው ፍጥነት ይለያያል፣ ዕድሜም አለ" አለች። "ግን እትዬ፣ አንድ ቀዩን እንኳ ሊያቆም ሲሞክር አላየሁም። ቆቡም አልሰማም። ሐኪም ይየው። እባክዎን።"

እሺ አልኳት። በጣም ጥሩ አስረዳሽኝ አልኳት። ጎበዝ ተማሪ እንደሚመሰገን አመሰገንኳት።

መጋቢት 3

ቀጠሮ አልያዝኩም። ገበያ ነበር።

መጋቢት 4

አልያዝኩም። ስልኩ አይነሳም። (አንዴ ነው የደወልኩት።)

መጋቢት 5

ከፋሲካ በኋላ ይሻላል። በጾም የተዳከመ ሰው ፎቶው ጥሩ አይወጣም። ይህን ለሱሀይር ብነግራት በጨዋ ደንብ ዝም እንደምትለኝ አውቃለሁ።

ደግሞ ዛሬ ከሱቅ ስንወጣ እጄን ያዘ። ጎጃም በረንዳ መሀል፣ ጋሪ "ዞር በሉ" እያለ ሲያልፍ፣ በጠራራ ፀሐይ። "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር" አለኝ። ሐኪም ቤት የሚወሰድ ሰው ንግግር ነው ይሄ? ተሸካሚዎቹ አፏጩብን። እጄን አልነጠቅሁም።

መጋቢት 6

ጣቃዎቹ ጀርባ ጎንበስ ብዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ ሰውየው አንድ ነገር ሆኗል አለች። ሌላዋ "ሚስትየው ታውቃለች" አለቻት። "ተመችቷት ነው ዝም ያለችው።"

ምን ተመቸኝ? ዕቃችን በኪሳራ እየወጣ?

ስለ ዕቃው እንዳልሆነ ገብቶኛል።

መጋቢት 9

ይህን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

በሁዳዴ ክፍት ሥጋ ቤት ማግኘት ራሱ ጥናት ይፈልጋል። አስናቀው አገኘ። ቀትር ላይ ጥሬ ሥጋ በወረቀት ጠቅልሎ መጣና ተራው መሀል ቆሞ መብላት ጀመረ። ጾም ሽሮ የማያውቅ ሰው፣ ታሞ እንኳ ሐኪም "ወተት ጠጣ" ሲለው "ከፋሲካ በኋላ" ያለ ሰው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ዕቃው መለሰ። ይህን ለማየት የፈለገ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ጠሀ ሱቅ ገባ። በረመዳን፣ በቀን፣ የክርስቲያን ሥጋ በአዋዜ ነክሮ ወደ ጠሀ አፍ አስጠጋ። "ጉረስ ወንድሜ፣ ከስተሃል" አለው።

እነዚህ ሰዎች አብረው ያረጁ ናቸው። አስናቀው ለአረፋ ለጠሀ በግ ሲሰጥ ከነነፍሱ ነው የሚያመጣለት፤ አራጁ ጠሀ ራሱ እንዲሆን። ለእኛ ሠርግ ጠሀ ያበላው ለየብቻ በተጣደ ድስት ነበር። አንዳቸው የሌላውን ደንብ ከራሳቸው በላይ ሲጠብቁ ነው የኖሩት።

የጠሀ ልጆችና ሠራተኞቹ ተነሱ። ጠሀ በእጁ መለሳቸው። የአስናቀውን አንጓ ይዞ ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገው። አልጮኸም። ሥጋውን ከእጁ ተቀብሎ በወረቀቱ ጠቀለለለት፤ በጣቱ መንካት ግድ ሆኖበት። ከዚያ ታጠበ። ከዚያ እኔ ጋ መጣ።

"እስከዳር" አለኝ፣ "ይሄን ያደረገው አስናቀው አይደለም። ወላሂ አይደለም። ወንድሜን ሐኪም ጋ ውሰጂልኝ።"

አልወስድም ያልኩ ይመስል ለመነኝ።

በዚያው ማታ

ተኝቷል። ምንም እንዳልሆነ ሰው ተኝቷል።

ጠሀ ያለው ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። ይሄን ያደረገው አስናቀው አይደለም። እሺ። ታዲያ "ታምሪያለሽ" ያለኝስ ማን ነው? ሥጋውን ለበሽታ ሰጥቼ ቃሉን ለራሴ ማስቀረት እችላለሁ? አንዱን ጣቃ ከሁለት ቆርጦ ደህናውን ወገን ለእኔ፣ የተቃጠለውን ለሐኪም? ጨርቅ ሻጭ እንዲህ ያለ ደንበኛ ቢመጣባት ታባርራለች።

የፈራሁት ፎቶውን ነው። ፎቶው ደህና ነው ካለ ባሌ ባለጌ ሆኗል። ታሟል ካለ፣ ከየካቲት ጀምሮ የሰማሁት ሁሉ የሕመሙ ነው። ስለዚህ ደንበኛ በዝቷል አልኩ፣ ስልክ አይነሳም አልኩ፣ ጾም ነው አልኩ። ስንት መጽሐፍ ያነበብኩ ሴት፣ አንድ ፎቶ ፈራሁ።

ነገ የሐኪም ቤቱ በር ሲከፈት እዚያ ነኝ።

መጋቢት 16

ኤምአርአይ። ብረት አይገባም ብለው ማተቤ ላይ ያለውን መስቀል፣ ቀለበቴን፣ ጉትቻዬን አስወለቁኝ። አስናቀው ባለሙያዋን "ስንት ይሠራልሻል በቀን?" ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። "ደህና ሱቅ ነው" አላት።

ችግሩ አለመንቀሳቀስ ነው። አትነቃነቅ የተባለ ሰው ራሱን መያዝ አለበት፤ ይህን ቢችል መጀመሪያውኑ እዚህ አንመጣም ነበር። ሁለቴ አነሱት፤ ሁለቴም ተበላሸ። በሦስተኛው እኔን አስገቡኝ። ከማሽኑ የወጣው እግሩ ብቻ ነው። እግሩን ይዤ ቆምኩ። ማሽኑ ቆርቆሮ ተራን በአንድ ክፍል ውስጥ ጨምቀው እንደዘጉበት ይጮኻል።

ከውስጥ "እስከዳር፣ አንቺ ነሽ?" አለ።

ጨበጥ አደረግሁት። ከዚያ በኋላ አልተነቃነቀም። ባለሙያዋ ጆሮዬ ላይ፣ ከመጀመሪያውም እግር መያዝ ነበረብን አለች።

መጋቢት 19

ሐኪሙ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ፎቶውን በስክሪን አሳዩኝ። የፊተኛው የአንጎሉ ክፍል ሳስቷል፤ ግንባሩ ጀርባ ያለው። መሸብሸብ የሌለበት ቦታ ተሸብሽቧል፣ መሞላት ያለበት ቦታ ጥቁር ሆኗል። ሰው ከመናገሩ በፊት "ቆይ" የሚለው፣ አሉኝ፣ በዚህ በኩል ነው። አይመለስም። የሚያቆመው መድኃኒትም የለም፤ የሚያረጋጋ ግን አለ። ብዙ ጊዜ እንደዚህ የሚለፈልፉት ሕሙማን በኋላ ዝም ይላሉ።

የአስናቀው ግንባር ሲሳሳ የመጋረጃ ዋጋ በሦስት ተራ ወረደ። ይህን ለሐኪሙ አልነገርኳቸውም።

የጠየቅኳቸው ሌላ ነው። ባለቤቴ በቅርቡ አንዳንድ መልካም ነገር መናገር ጀምሯል አልኳቸው። ሕመሙ ነው ወይስ እሱ?

መነጽራቸውን አወለቁ። "ፎቶው የጎደለውን ያሳየኛል" አሉ። "የተነገረው ቃል ከየት እንደመጣ ግን አላይበትም። ልዋሽዎት አልችልም።"

ሊዋሹኝ ቢችሉ ደስ ይለኝ ነበር።

መጋቢት 21፣ ዒድ

ከጠሀ ቤት ጥሪ አልቀረም። እንዲያውም ጠሀ ራሱ መጥቶ ወሰደን። አስናቀው ጸጥ ብሎ ብስኩት በላ። ልጆቹ ከበቡት፤ ለልጆች እንደድሮው ነው። ሁሉም መልካም ሆነ።

ከዚያ የጠሀ ሚስት ሀፍሷ ሰሀን ይዛ ስትገባ አስናቀው ቀና ብሎ "ሀፍሷ፣ ታምሪያለሽ" አላት።

ጠሀ ጣሪያውን አየ። "ቢያንስ ማሻአላህ በል" አለው።

ሳቅ ሆነ። ሀፍሷ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ።

ያው ቃል ነው። በዚያው ድምፅ።

መጋቢት 22

ምንም የምጽፈው የለም።

መጋቢት 27

ሱሀይር ልትጠይቀን መጣች። አስናቀው ወንበሩ ላይ አንቀላፍቷል። እኔ ጨርቅ እየጠቀለልኩ፣ እንደ ቀልድ አድርጌ፣ ለእናትሽም ለእኔም እኩል ነው የተሰጠን አልኳት። ቀልዱ አላታለላትም። ያሳደግኳት ልጅ ናት።

ቆቡ የሚሰማው አብዛኛው ጫጫታ ነው አለችኝ። ዓይን ሲርገበገብ፣ መንጋጋ ሲነቃነቅ፣ መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ። አንዱን ጊዜ ብቻ አይቶ ማንም ምንም ማለት አይችልም። ስለዚህ ደጋግመው ይለኩና አንዱን በአንዱ ላይ ያነባብሩታል። ጫጫታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ እውነተኛው ነገር እየጎላ ይወጣል።

"አንዴ የሆነውን አንቆጥረውም እትዬ" አለች። "ለእናቴ ጋሼ አንዴ ነው የተናገሩት። ለእርስዎስ?"

አልቆጠርኩም አልኳት። ዋሸሁ።

"ይሄ ሳይንስ ነው ወይስ ደግነት?" አልኳት።

"አሠራሩ ሳይንስ ነው" አለች። "ለእርስዎ መናገሬ ነው ሌላው።"

ሚያዝያ 2

ሚኪን ጠርቼ እውነቱን ነገርኩት። የሚራገፍ ኮንቴይነር የለም፤ ሰውየው ታሞ ነው። ሚኪ፣ "እትዬ፣ እኔ እኮ በጋሼ ግንባር ተማምኜ ስንት ጣቃ አስወጣሁ" አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። አይ፣ ምን አጠፋችሁ አለ፤ ወጥቶም ለተራው ሁሉ ነገረ። ዋጋው እስከ ምሳ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጎረቤቶች ተራ በተራ መጥተው አስናቀውን "እግዜር ይማርህ" አሉት። አንዱን "አንተ እንኳ ውፍረት አበዛህ" አለው። ሰውየው ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ፤ በውፍረቱ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ለምንይሉም ደወልኩ። ነገ ይመጣል።

ሱቁን አልዘጋም። እሱ ደጅ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ዋጋ እኔ እናገራለሁ። መጀመሪያ አስወድዳለሁ፣ ከዚያ ምላለሁ፣ ከዚያ እቀንሳለሁ። ቤተ መጻሕፍት ያላስተማረኝ ይህ ብቻ ነበር።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ዶሮ ወጡን በላ። ጾም መፈታቱን አላወቀም፤ ለእሱ የታሰረ ነገር የለም። ዛሬ ብዙ አልተናገረም። ምንይሉ "ደህና ነው ማለት ነው?" አለኝ።

ደህና ነው አልኩት።

ግንቦት 8

ሦስት ቃል ተናገረ። "ውሃ።" "በቃኝ።" "ዝናብ ነው።" ለእኔ የተሰጠ የለም።

ያኔ ስጠራጠረው የነበረውን ቃል አሁን ከማንም አፍ ልገዛው እፈልጋለሁ። የማን እንደሆነ አልጠይቅም ነበር።

ግንቦት 19

ሲናገር የሰማሁት ሁሉ ሲመላለስብኝ አንድ ነገር አስተዋልኩ። እኔ አንዴም አልመለስኩለትም። "ታምሪያለሽ" ሲለኝ ጨርቅ ለካሁ። እጄን ሲይዝ አልነጠቅሁም፤ ያ ብቻ ነው። ሙሉ ጤነኛ ጭንቅላት ይዤ። ለማን እያስቀመጥኩት ነው?

ሰኔ 4

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጭድ ተራ አካባቢ ጎርፍ ወርዶ መንገድ ስለዘጋ ሰው ሱቃችን ውስጥ ተጠልሏል። አስናቀውን ከደጅ አስገብቼ ከባንኮኒው አጠገብ አስቀመጥኩት። ከጠዋት ጀምሮ አልተናገረም። እግሩን ደረቅ ጨርቅ ደርቤ ጠቀለልኩለት። አየኝ። የሚያየኝ አስተያየት ሰው የሚያውቀውን ቤት በሌላ ቀለም ተቀብቶ ሲያይ የሚያየው ዓይነት ነው።

"አስናቀው፣ እወድሃለሁ" አልኩት።

ዝናቡን ማሸነፍ ስለነበረብኝ ጮክ ብዬ ነው። አንዲት ደንበኛ ጣቃ እንዳቀፈች ዞረች። ከግድግዳው ወዲያ ጠሀ የሚያወራውን አቋረጠ።

አስናቀው ቀስ ብሎ ቀና አለ። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እጄን፣ ከዚያ መልሶ እኔን አየ። ዋጋ የሰማና ያልተስማማ ነጋዴ ሆነ ፊቱ። ያንን ፊት ካየሁት ቆይቻለሁ።

"ትንሽ ጨምሪበት" አለ።

ጨመርኩ።